ተማሪዋ ያረመችኝ ትምህርት



ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት ከላሊበላ ከተማ ወጣ ባለ አንድ የላስታ ገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ስለ ብረታ ብረት ሳስተምር አንድ ልጅ፣ «የቤታችን የአሉሚኒየም ድስት ለምን ቶሎ ይጣመማል?» ሲል ጠየቀኝ። ንጹሕ አሉሚኒየም ቀላልና ለስላሳ መሆኑን ገለጽኩ። ያነበብኩትንም ጨመርኩ፦ እንዲጠነክር እጅግ የላመ የሴራሚክ ዱቄት ይቀላቀልበታል። «ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ግድግዳው እንደሚጠነክረው ማለት ነው» አልኩ። ምሳሌዬ ለራሴም ጣመኝ።

ከወደ ኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ጭድማ ረዥም ስለሆነ ጭቃውን አያይዞ ይይዛል። ዱቄት ምኑን ይይዛል?»

መልስ አልነበረኝም። «እሱ ለፈተና አይመጣም፤ ዝም ብለሽ ጻፊ» አልኳት። አቀርቅራ ጻፈች። ማቀርቀሯ እስከ ማታ ከዓይኔ አልጠፋም።

ማታ መጽሐፌን ገልጬ አነበብኩ። ልጅቷ ልክ ነበረች። አሉሚኒየም ሲጣመም በውስጡ የአተሞች ረድፎች ይንሸራተታሉ፤ መንሸራተቱም እንደ ማረሻ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል። የሴራሚኩ ብናኝ መንገድ ይዘጋበታል እንጂ እንደ ጭድ አያስርም። ለካ ምሳሌው ያለው ከግድግዳው ሳይሆን ከማሳው ኖሯል! ድንጋይ በተበተነበት የላስታ ማሳ ማረሻው በየእርምጃው ይያዛል። ድንጋዩ አንድ ቦታ ከተከመረ ግን በሬዎቹ ዞረውት ያልፋሉ።

ብናኙም ጓል ከሠራ ጥቅሙ ይቀንሳል። ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። በቀለጠ አሉሚኒየም ላይ ቢነሰንሱት በቀላሉ አይበተንም። ስለዚህ ሁለቱን በዱቄትነታቸው በብረት ኳሶች እየፈጩ ይደባልቋቸዋል፤ በቅርጽ ማውጫ ይጨምቃሉ፤ ከዚያም አሉሚኒየም ከሚቀልጥበት ከ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ያግላሉ። ብናኙ ከበዛ ግን ዕቃው ተሰባሪ ይሆናል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስዊዘርላንድ ውስጥ የተገኘውም ከዚሁ ይዛመዳል፦ የአሉሚኒየም ዱቄት ራሱን የሸፈነበት ስስ የኦክሳይድ ቆዳ፣ ዱቄቱ ተጨምቆ ሲግል ተሰባብሮ ማጠንከሪያ ሆነ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ «የትናንቱ ምሳሌዬ ስህተት ነው፤ ያረመችኝም እሷ ናት» አልኩ። የማረሻውን ነገር ሳስረዳ ልጅቷ ቀና አለች። «እንግዲያው የአባቴ ማሳ ጠንካራ አሉሚኒየም ነው!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ባልደረቦቼ፣ «አላውቅም፤ አይቼ ነገ እነግራችኋለሁ» ማለት የመምህርን ክብር አይቀንስም። የሚቀንሰው «ዝም ብለሽ ጻፊ» ማለት ነው።