የግራው እጅጌ

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኔ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሹራብ እሠራ ነበር። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ለማን?» ብሎ አይደለም፤ «አንተ?» ብሎ ነው። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን መርፌዎቹን እጄ ላይ ስታይ ወደ እናቴ ዞራ፣ «ልጅሽን ምን ነካው?» አለቻት። እናቴ ከጀበናው ቀና ሳትል፣ «ሸማኔ ወንድ አይደል እንዴ?» ስትል መለሰችላት። እውነቷን ነው። በአገራችን መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሆኖ ነው የኖረው። ሹራብ ግን በየት በኩል ወደ ሴቶቹ እንደሄደ እንጃ። እናቴ ራሷ የተማረችው ልጅ ሳለች፣ «የእጅ ሥራ» በሚባለው ክፍለ ጊዜ ነው። ወንዶቹ በዚያ ሰዓት ምን ይሠሩ እንደነበር ስጠይቃት፣ «ኳስ» አለችኝ።

የሆሳዕና ክረምት ቀልድ አያውቅም። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ብርድ። የምሠራው ከቤት ነው፤ ኮድ እጽፋለሁ፣ ቢሮው አዲስ አበባ ነው። መብራት ሲሄድ የላፕቶፑ ባትሪ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ያለኝ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። ሹራቡን የጀመርኩት በእንዲህ ያለ የጨለማ ሰዓት ሥራ ፈትቼ ነው ብል ግን ሙሉ እውነት አይሆንም። የጀመርኩት ታላቅ ወንድሜ በስልክ «በረደኝ» ስላለኝ ነው።

ወንድሜ ጆሃንስበርግ ነው። በ2004 ዓ.ም. ሲሄድ እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። አዲስ ፎቅ ሲነሳ ያየ ሰው «የደቡብ አፍሪካ ብር ነው» ይላል፤ አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። የእኔም ላፕቶፕ የደቡብ አፍሪካ ብር ነበር። ሦስተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ላይ ሳለሁ ነው የገዛልኝ፤ ዛሬ እንጀራዬ የሆነው ሙያ የተጀመረው በዚያ ነው።

ያን ገንዘብ ያገኘው ብርድ ልብስ ተሸክሞ ነው። ብዙዎቹ እዚያ ሲደርሱ ሥራ የሚጀምሩት እንደዚህ ነው፦ ጄፒ መንገድ አካባቢ ሐበሻ ከሞላቸው ሕንጻዎች ዕቃ ይረከባሉ፣ «ሎኬሽን» በሚሏቸው ሠፈሮች ቤት ለቤት እየዞሩ በዱቤ ይሸጣሉ፣ በወሩ መጨረሻ ብራቸውን ለመሰብሰብ እንደገና ይዞራሉ። አንሶላ፣ መጋረጃ፣ ብርድ ልብስ። ብርድ ልብስ የሚሸጠው በክረምት ነው፤ የእነሱ ክረምት ደግሞ ከእኛ ጋር ይገጥማል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ዝናብ፣ እዚያ ደረቅ ውርጭ። ጆሃንስበርግም ደጋ ናት፣ ከ1,700 ሜትር በላይ፤ ሌሊቱ ዜሮ ዲግሪ የሚጠጋበት ጊዜ አለ።

«ብርድ ልብስ ነጋዴ እንዴት ይበርደዋል?» ብዬ ሳቅኩበት።

«የሚሸጠውን ማን ይለብሳል?» አለኝ።

እናቴ የገበያውን ክር አልወደደችውም። ሰው ሠራሽ ነው፣ ያብለጨልጫል። «ሳልቫጅ ተራ ሂድና አሮጌ የሱፍ ሹራብ ፈልግ፤ እንፈታዋለን» አለችኝ። የሚፈታ ሹራብ አመራረጥ አለው። ገልብጦ ጎኑን ማየት ነው። ዳሩ በመቀስ ተቆርጦ በማሽን የተዘመዘመ ከሆነ ክሩ በየረድፉ ተቆራርጧል፣ አይጠቅምም። ዳሩ ሳይቆረጥ የተጋጠመ ከሆነ ግን ስፌቱን ለቀህ ጫፉን አግኝተህ ስትስበው ሹራቡ እንዳለ ወደ ክርነት ይመለሳል። ሁለት ግራጫ ሹራቦች አገኘሁ፤ አንደኛው ክርኑ ላይ ብል የበላው ነበር። ፈታናቸው። ክሩ እንደ ኢንዶሚ ተጥመልምሎ ወጣ። ወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልለን፣ አስረን፣ አጠብነውና ከታቹ ውኃ የሞላ ሃይላንድ አንጠልጥለን ሰቀልነው፤ ሲደርቅ ቀጥ እንዲል። በዚያ ክረምት እስኪደርቅ ስድስት ቀን ፈጀ። ቤቱ በሙሉ የእርጥብ በግ ሽታ ሸተተ።

ድመቶቹ ለዚህ ሽታ አበዱ። ሁለት ናቸው። እናትየዋ ውሮ ትባላለች፤ ስም ማውጣት ሰልችቶን እንጂ ውሮ የሁሉም ድመት ስም ነው። ልጇን እኔ ነኝ «ባግ» ያልኩት፤ ባግ በእኛ ሙያ ኮድ ውስጥ ተደብቆ ሥራ የሚያበላሽ ስህተት ነው። መብራት ሲኖር ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይተኛሉ፣ መብራት ሲሄድ ወደ ጭኔ ይዛወራሉ፤ ጭኔ ላይ ደግሞ ሹራቡ አለ። ውሮ በዕድሜዋ ጨምታ ነበር፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ የክሩ ኳስ ሲንከባለል ስታይ ምንኩስናዋ ቀረ። ባግ አንድ ማታ የክሩን ጫፍ ውጦ አገኘሁት፣ ቀሪው በአፉ ተንጠልጥሏል። ለመሳብ እጄን ሰደድኩና ተውኩ፤ ሆድ ገብቶ የተያዘ ክር ሲጎተት አንጀት እንደሚቆርጥ አንብቤ ነበር። ከከንፈሩ ሥር ቆርጬ ሁለት ሌሊት ስጠብቀው አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ክሩ በራሱ መንገድ ወጣ። እናቴ «አጥበህ ትጠቀምበታለህ?» አለችኝ።

ሥራው ራሱ ሒሳብ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ናሙና ሠራሁና ለካሁ፦ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ወደ ጎን 18 ዐይን፣ ወደ ላይ 24 ረድፍ። (እናቴ እያንዳንዷን የክር ቀለበት «ዐይን» ነው የምትላት፤ አንዷ ከመርፌው ስታመልጥ «ዐይን ወደቀ» ትላለች።) የፊቱ ስፋት 55 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 99 ዐይን፣ ቁመቱ 65 ከሆነ 156 ረድፍ። አንገቱን ሳንቀንስ ለፊቱ ብቻ 15,444 ዐይን። በቀን ስድስት ረድፍ ብሠራ 26 ቀን።

ቁጥሩ ደስ አለኝ፤ ችግሩ ግን ደረቱ የማን ደረት እንደሆነ ነበር። የማውቀው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። አብረን በአንድ ፍራሽ ተኝተናል፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብሳችንን ሌሊት ሲስብብኝ ክርኑ ጎኔን ይወጋኝ ነበር። አሁን 33 ዓመቱ ነው፤ በ13 ዓመት ውስጥ ከአንገቱ በታች አይቼው አላውቅም። ቪዲዮ ሲደውል የሚታየው ፊቱ ነው፣ ከኋላው የሱቁ ፍርግርግ። ልኩን ስጠይቀው «ኤል ነኝ» አለኝ። በዚህ ተማምኜ ጀርባውን 40 ረድፍ ከሠራሁ በኋላ «ድሮ ኤል ነበርኩ እንጂ አሁን ወፍሬያለሁ» አለ። ፈታሁት። እኔ ኮድ ላይ የፈለግሁትን ባበላሽ የትናንቱ ቅጂ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ሹራብ እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

እጅጌው ላይ ስደርስ ነሐሴ ገብቶ ነበር፤ እናቴ የበቆሎ እሸት እየጠበሰች። ከብብቱ እስከ አንጓው አስለክቶ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። አብሮት የሚሠራው ልጅ በሜትር ለካው።

«ቀኙ 48።»

«በቃ፣ ሁለቱም ያው ነው።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። «የግራውን ትንሽ ሰፋ አድርገው» አለኝ። ለምን ስለው፣ «ብረት አለበት።»

ያን ቀን ማታ ጎረቤት ቤት ሄጄ ደወልኩለት። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ሁለት ሰዎች ገብተው ነው። ብሩን ሰጥቷቸዋል። ሰጥቷቸውም ተኮሱበት። ከክርኑ በታች አጥንቱ ተሰብሮ በብረት ተያያዘ፤ ክንዱ አይዘረጋም፣ አንጓው አብጦ ቀርቷል። ብርድ ልብስ መሸከም ያቆመው ያኔ ነው፤ ለእኛ የነገረን «ንግዱን አሳድጌ ሱቅ ውስጥ ተቀመጥኩ» ብሎ ነው፤ እኛም እልል ብለን ነበር። በዚያ ዓመት የላከው ብር ደግሞ ከቀድሞው አልቀነሰም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስልኩን በቀኝ እጁ ይዞ ነው ያናገረን።

«ለእማዬ እንዳትነግራት» አለኝ።

አልነግራትም አልኩ። እኛ ቤት እንዲህ ነው። የሰው ሞት እንኳ በአንዴ አይነገርም፤ መርዶ ጊዜ ተመርጦለት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። የሚያስጨንቅ ነገር ከእናት ይደበቃል። ወንድሜ ሲሄድ በሞያሌ አድርጎ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አልፎ ነው፤ ለእናቴ የተነገራት ግን «በአውሮፕላን» ነው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለ ክፍለ ሀገር፣ አንድ የጭነት መኪና ላይ በነበረ ኮንቴነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው፣ 14 ብቻ በሕይወት ሲገኙ፣ ሬዲዮኑን የሰማችው እሷ ነበረች። ወንድሜ እዚያ ከገባ ስምንት ዓመቱ ነበር። እንዲያም ሆኖ «ደውልለት» አለችኝ። ደወልኩ። «አንተ በዚያ መንገድ አልሄድክም አይደል?» አለችው። «በአውሮፕላን ነው እንጂ እማዬ» አላት። ስልኩን ስትመልስልኝ ምንም አልተናገረችም፤ እራት ግን አልበላችም።

ቀኙን እጅጌ በ44 ዐይን ጀመርኩ። ግራውን በ52። ለማየት የማያስታውቅ መስሎኝ ነበር፤ ስምንት ዐይን፣ አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል የማይሞላ ስፋት። ሁለቱን ጎን ለጎን እንዳላስቀምጥም ተጠነቀቅሁ፤ አንዱን ቁም ሳጥን ውስጥ አደረግሁት።

ጳጉሜን ላይ ከሰዓት ከስብሰባ ስወጣ እናቴ አልጋዬ ላይ ሁለቱን ዘርግታ ተቀምጣለች። ባግ አንደኛው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። በጣቷ ጫፍ የግራውን ዐይኖች እየቆጠረች ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ በሀዲይሳ ነው የምትቆጥረው። ጨረሰች።

«ስምንት ጨምረሃል።»

«ተሳስቼ ነው፣ እፈታዋለሁ» አልኩ።

«አትፍታው።» ቆየት ብላ፣ «ከክርኑ በላይ ነው በታች?»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ስለነበረ ያልሰማሁ መምሰል እችል ነበር። «በታች» አልኩ።

ድመቱን ከእጅጌው አውጥታ ወለሉ ላይ አኖረችው። መርፌዎቹን ተቀበለችኝና የእጅጌውን ጫፍ እንደገና ሠራችው፣ በጎን በኩል ክፍት አድርጋ፣ ሦስት ቁልፍ ይዞ የሚዘጋ። ቁልፎቹን ከአባቴ አሮጌ ካፖርት ላይ ቆረጠቻቸው። «በአንድ እጁ እንዲከፍተው ትልልቅ ይሻላል» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ሹራቡ የሄደው ከያሆዴ በኋላ ነው፣ ለበዓሉ መጥቶ ወደዚያ በሚመለስ የሠፈራችን ሰው ሻንጣ፣ ከበርበሬና ከቅቤ ጋር። እዚያ በዚያን ጊዜ ብርዱ አልፎ ነበር። ወንድሜ በደረሰው ማታ ለብሶት ደወለ። በልኩ ነው አለ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ነው የሠራኸው አለ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«እስቲ እጅጌውን አሳየኝ።»

ቀኝ እጁን ወደ ካሜራው አነሳ።

«እሱን አይቼዋለሁ» አለችው።