ስለ ንቅሳትና ስለ ብርሃን



በ2014 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ በኡም ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ ሥር ስለ ብርሃን እናስተምር ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ይዘነው የወጣነው ደንብ ተማሪው ከሚያውቀው ነገር ጀምሩ የሚል ነውና፣ የሌዘርን ጨረር ለማስረዳት ንቅሳትን ምሳሌ አደረግን። «የእናቶቻችሁን ንቅሳት ቆዳ ሳይቆረጥ የሚያጠፋ ብርሃን አለ» አልን። አያቷ በሕፃንነቷ ግንባሯ ላይ መስቀል ያስነቀሷት ልጅ እጇን አውጥታ «የት ነው ያለው?» አለች። «እዚህማ ከየት ይመጣል!» ብለን ሣቅንና ወደሚቀጥለው ርእስ አለፍን።

እሷ ግን አልሣቀችም ኖሯል። በሳምንቱ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ መጣች። ከራክሻ ባትሪ የተቀዳ አሲድ በጥጥ ነክራ ግንባሯን ፈግፍጋው ነበር።

ስለዚህ ያለፍነውን ርእስ እንደገና ማስተማር ግድ ሆነብን።

ነገሩ ከዚህ መጠለያ የራቀ አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከጎንደር በእግራቸው የመጡ ቤተ እስራኤላውያን እዚሁ ኡም ራኩባ ሰፍረው ነበር። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከሱዳን 8,000 ያህሉ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ወደ 4,000 የሚጠጉት በመንገድና በመጠለያ እንዳለቁ ይገመታል። ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ኖረዋልና ከነሱም ሆነ በኋላ ከገቡት ሴቶች መካከል መስቀል የተነቀሱ ነበሩ። በአዲሱ አገር ምልክቱ ቢከብዳቸው ወደ ቆዳ ሐኪም ሄዱ። ሐኪሞቹም በሌዘር እንዴት እንዳከሟቸው በ2004 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ነቃሿ በመርፌ ወግታ ያስገባችው ጥላሸት ከላይኛው ቆዳ በታች ይቀመጣል። የሰውነታችን ጠራጊ ሕዋሳት ሊያነሡት ይሞክራሉ፤ ቅንጣቱ ግን ይገዝፍባቸዋል። ሌዘሩ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ በሚቆጠር ጊዜ ቦግ ብሎ ያደቅቀዋል፤ ስብርባሪውን ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይጠርገዋል። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ሳምንታት እያሳለፉ መደጋገም ያስፈልጋል። (ጠመኔ አልቆብን ስለነበር ይህን ሁሉ መሬት ላይ በእንጨት ነው የሣልነው።)

ለእኛ ግን አንድ አደጋ አለው። ብርሃኑ የሚያውቀው ጥቁረትን ነው እንጂ ንቅሳትን አይደለም፤ ቆዳችንን ያጠቆረው ሜላኒንም ጨረሩን ይስባል። በ694 ናኖ ሜትር የሚሠራው የሩቢ ሌዘር በእኛ ዐይነት ቆዳ ላይ ነጭ ለምጽ መሳይ ቦታ ወይም የባሰ ጥቁረት ሊተው ይችላል። በ1,064 ናኖ ሜትር የሚሠራው በሜላኒን ብዙም ሳይያዝ ጠልቆ ይገባልና፣ ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው እሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ ወጥታችሁ ይህ ዕድል የገጠማችሁ እንደሆነ ሐኪሙን «ሌዘር አለ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። አስቀድሞም ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክርላችሁ።

የልጅቱ ቁስል ሲሽር ጠባሳው አበጠ፤ መስቀሉም ከመካከሉ ደብዝዞ ይታይ ነበር። ይቅርታ ጠየቅናት። እሷም «መምህር፣ ያ ብርሃን ይኸንንም ያነሣዋል?» አለችን። ጥቁሩን ሊያነሣው እንደሚችል፣ ጠባሳው ግን ሌላ ሕክምና እንደሚያሻው ነገርናት። ደብተሯን አወጣችና 1,064 የሚለውን ቁጥር ጻፈች።