ታጁራን ሳታዩ?

ጅቡቲ ከተማ ከርማችሁ ታጁራን ሳታዩ የተመለሳችሁ ወገኖቼ፣ ሙቀቱ ነው ያሰነፋችሁ ወይስ ሥራው? ባሕረ ሰላጤውን በጀልባ ብትሻገሩ ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች፣ ከኋላቸውም የጎዳ ተራሮች ይቀበሏችኋል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የሚሆነው የአሳል ሐይቅ ተኝቷል። የአፋር ሲራራ ነጋዴ ጨዉን በግመል ጭኖ ሸዋ ድረስ ይወጣ ነበር። ገጣሚው ራምቦ እንኳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 መጨረሻ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ገብቶ፣ ጉዞው እስኪቃና ዓመት ሊደፍን ምንም አልቀረው። ኋላ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የሲራራው ገበያ ቀዘቀዘ። ገበያው ቢያልፍም ተራራውና ሐይቁ አሉ። ሂዱና እዩ፤ ግን በክረምቱ ሐሩር አትሞክሩት፤ ውሃም አትርሱ።