ዩሪያው የት ሄደ?

ዛሬ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ኮሌጅ እያለሁ ኬሚስትሪ በጣም ያስጨንቀኝ ነበር። በዩሪያ ውስጥ ናይትሮጅን ስንት ፐርሰንት ነው? የዩሪያ ክብደት 60፣ የናይትሮጅኑ 28፤ ሲካፈል 46 ከምናምን ይመጣል። ከረጢቱ ላይ የምታዩት 46 እሱ ነው፤ ከ100 ኪሎው 46ቱ ናይትሮጅን ማለት ነው። ዩሪያ አፈር ላይ ሲሟሟ ወደ አሞኒያ እንደሚቀየር፣ አሞኒያ ደግሞ ጋዝ እንደሆነም ተምሬያለሁ። ግን የሸመደድኩት ለፈተና ነበር።

ሥራ በጀመርኩ ዓመት አንድ አባት በቆሏቸው ጉልበት ሲደርስ «ልጄ፣ ዛሬ ልበትነው?» አሉኝ። «ይበትኑት» አልኩ። አፈሩ ከላይ ብቻ ረጠብ ብሏል፣ ፀሐዩ ከሯል፣ ዝናቡም ከዚያ በኋላ ለቀናት ጠፋ። አልሸፈኑትም፤ እኔም ሸፍኑት አላልኩም። በቆሎው ቢጫ እንደሆነ ቀረ።

«ማዳበሪያው ውሸት ነው እንዴ?» አሉኝ።

ውሸት አልነበረም፣ አብዛኛው በኖ ነው። የበነነው ደግሞ ገንዘባቸው ነው። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲሰሙ ዝም አሉ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተ እርጥበት ሲኖር፣ ከአገዳው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ጨምሩና ወዲያው አፈር አልብሱት። እኚያ አባት ዘንድሮ ሲጨምሩ ልጃቸው ከኋላ በዶማ እየሸፈነ ይከተል ነበር። ለኔም አንድ ዶማ አስያዙኝ።