ቤት ለእምቦሳ

ና ወዳጄ፣ ግባ፣ ቁጭ በል። አቦሉ ሳትመጣ አለቀ። ምንም አይደለም፣ ቶናው እየተንተከተከ ነው። እኔማ ለጨዋታ የሚመቸው ቶና ነው እላለሁ፤ በአቦል ሰው ገና ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ልቡን የሚከፍተው በሁለተኛው ስኒ ነው። ፈንዲሻውን ወደ አንተ ሳብ አድርገው።

እስቲ ልጠይቅህ። ሰው አዲስ ቤት ገብቶ እንኳን ደስ ያለህ ልንል ስንሄድ ደጃፉ ላይ ምን እንላለን? «ቤት ለእምቦሳ!» ባለቤቱስ? «እምቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። ቤቱ ጥጃ የሚታሰርበት፣ ወተት የማይጠፋበት ይሁን ማለት ነው፤ እንዴት ያለ ግሩም ምርቃት ነው! ታዲያ ሰሞኑን አንድ ነገር እየተመላለሰ ያሳስበኛል። የእግር ኳስ ክለብ አዲስ ቤት ሲገባ፣ ያውም ለሯጭ የተሠራ ቤት ሲገባ፣ «ቤት ለእምቦሳ» የሚለው ማነው? «እምቦሳ እሰሩ» የሚለውስ?

የለንደኑን ዌስትሃም ዩናይትድን ማለቴ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገርህ፣ እንዳያደናግረን። ይህ ክለብ መሠረቱ የመርከብ ሠሪዎች ቡድን ነው፤ በ1895 በቴምዝ ወንዝ ዳር የብረት ሠራተኞች ያቋቋሙት። ዛሬም በማልያው ላይ ያለው ዓርማ ሁለት የተመሳቀሉ መዶሻዎች ናቸው። ከ1904 ጀምሮ 112 ዓመት የኖረው አፕተን ፓርክ በሚባል ሰፈር ነበር። ሜዳው ከግሪን ስትሪት ዳር፣ ከገበያው፣ ከምግብ ቤቱና ከመጠጥ ቤቱ ጋር ተጣብቆ የቆመ ነበር። መቀመጫው ለሜዳው ከመቅረቡ የተነሳ የእጅ ውርወራ የሚወረውረው ተጫዋች የደጋፊው ትንፋሽ ይሰማዋል ይባል ነበር። አባት ልጁን፣ ልጁ ደግሞ የራሱን ልጅ እየያዘ አንድ ወንበር ላይ ይተካካ ነበር። በግንቦት 2016 የመጨረሻውን ጨዋታ ማንቸስተር ዩናይትድን 2 ለ 1 ከመመራት ተነስተው 3 ለ 2 አሸንፈው ተሰናበቱት። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የመኖሪያ ሕንፃዎች ናቸው የቆሙት።

የሄዱበትን ቤት ግን አንተም እኔም እናውቀዋለን። እግራችን አልረገጠውም እንጂ ዐይናችን አድሮበታል። በ2012 ነሐሴ፣ በለንደን ኦሊምፒክ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000 ሜትር ያንን የመጨረሻ አንድ ዙር ስትበር የት ነበርክ? እኔ ጎረቤት ነበርኩ፤ የኛ መብራት ጠፍቶ የእነሱ አልጠፋም ነበርና ሰፈሩ በሙሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ገብቶ ነበር። ከሳምንት በኋላ መሠረት ደፋር በ5,000 አሸንፋ፣ ከማልያዋ ውስጥ የድንግል ማርያምን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ ስትይዘው የቤቱ ባለቤት እናት ከተቀመጡበት ተነስተው እልል ሲሉ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ነው። ያ ስታዲየም ነው እንግዲህ። ያንን መም ነው ዛሬ የእግር ኳስ ቀን ሲሆን በምንጣፍ የሚሸፍኑት።

አየህ ነገሩ እንዴት ከሁለት በኩል እንደሚያሳዝን? ለለንደኑ ደጋፊ ያ መም ከተጫዋቾቹ የሚያርቀው ባዶ ቦታ ነው። ለእኔ ደግሞ ባንዲራ የተውለበለበበት ነው። ሁለታችንም እውነት አለን።

መራቁ ምን ያህል ነው ትለኝ ይሆናል። ረከቦቱን ወዲህ በለው፣ ላሳይህ። የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 የሆነ ባለ አራት ማእዘን ነው። መሙ ግን 400 ሜትር ሆኖ ሁለት ቀጥ ያለ መስመርና ሁለት ግማሽ ክብ ያለው ሞላላ ነው። ባለ አራት ማእዘኑን ከሞላላው ውስጥ ስታስቀምጠው ጎንና ጎኑ ይጠጋጋል፤ በሁለቱ ጫፍ ግን ሰፊ ቦታ ባዶውን ይቀራል። ስምንቱን የመሮጫ መስመር ጨምረህ ስታሰላው፣ በጎን በኩል የተቀመጠው ሰው ከሜዳው ጠርዝ 12 ሜትር ያህል ይርቃል። ከጎሉ ጀርባ የተቀመጠው ግን 36 ሜትር ያህል! ከጎል ጀርባ የሚቀመጠው ደግሞ ማነው? ዘፋኙ ነው፣ ጩኸቱን የሚያስነሳው፣ ድምፁ እስኪዘጋ የሚዘምረው። ስታዲየሙን የሚያሞቀው እሱ ሆኖ ሳለ ብርዱ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ዐይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባል የለ? ከፍሎ ገብቶ ግቡ በማን እንደተቆጠረ ከጎረቤቱ የሚጠይቅ ሰው ምን ይሰማዋል?

ይህንን ቱሪን ውስጥ ያሉት ጁቬንቱሶች ቀድመው ቀምሰውታል። ለ1990ው የዓለም ዋንጫ በተሠራው ዴሌ አልፒ በሚባለው ባለ መም ስታዲየም ገብተው፣ 69,000 ሰው በሚይዘው ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ በጣሊያን ዋንጫ ከሳምፕዶሪያ ጋር ሲጫወቱ የገባው ተመልካች 237 ብቻ ነበር። ሁለት መቶ ሠላሳ ሰባት ሰው፣ ወዳጄ! እኛ ሰፈር ለቀብር ከዚያ በላይ ይወጣል። በመጨረሻ አፈረሱትና በዚያው መሬት ላይ መም የሌለው፣ 41,000 ሰው የሚይዝ ቤት ሠርተው በ2011 ገቡ። ቤቱ አነሰ፣ ሰው ግን ሞላው።

ስኒህ ጎደለ፣ ልጨምርልህ። ስኳር ወይስ ጨው? አያቴ በጨው ነበር የሚጠጡት።

ማንቸስተር ሲቲ ግን ሌላ ነው፤ እነሱን ሳላመሰግን አላልፍም። በ2002 ለኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ስታዲየም ሲሠራ ከመጀመሪያው ነገሩን አስበውበታል። ውድድሩ አልቆ ሯጩ ሲወጣ መሙን አነሱት፤ መሬቱን ወደ ታች ቆፍረው ከነባሩ መቀመጫ ሥር አንድ ደርብ ሙሉ መቀመጫ ጨመሩ። 38,000 ይይዝ የነበረው 48,000 ያህል ሆነ፣ ደጋፊውም ከሣሩ አጠገብ ተቀመጠ። በ2003 ሲቲ ገባበት። አየህ፣ ጎጆውን ሲቀልሱ ማን እንደሚገባበት ያውቁ ነበር።

ለንደኖች ግን ሲሠሩት ለኦሊምፒኩ 80,000 የሚይዝ ሆኖ፣ በኋላ ላዩ ተነስቶ 25,000 የሚይዝ የአትሌቲክስ ስታዲየም እንዲሆን ነበር ሐሳባቸው። የእግር ኳሱ ነገር የተቆረጠው ቤቱ ከቆመ በኋላ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ጣሪያው ተቀየረ፣ መቀመጫው ወደ ፊት የሚገፋና ወደ ኋላ የሚመለስ ተደረገ፤ ለዚህ ማስተካከያ ብቻ 323 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። ተከራዩ ክለብ ለ99 ዓመት ውል ይዞ ሲገባ በዓመት ሊከፍል የተስማማው 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ ነበር። መቀመጫውን በዓመት አንድ ጊዜ ለሯጮች ገፍቶ መልሶ ማምጣት 300,000 ፓውንድ ይፈጃል ተብሎ ታስቦ፣ ወደ 8 ሚሊዮን ደረሰ። የወጪው አብዛኛው የሕዝብ ገንዘብ ነው። እኔን ግን ከገንዘቡ በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ ወደ ፊት የተገፋው መቀመጫ ከኋላው ካለው ጋር አልገጠመም፣ በመካከላቸው ክፍተት ቀረ። አብረው የሚዘምሩ ሰዎችን ለሁለት ከፈላቸው።

በመጋቢት 2018 በበርንሌይ 3 ለ 0 ሲሸነፉ ደጋፊው ሜዳ ገባ። ከመካከላቸው አንዱ የማእዘኑን ባንዲራ ነቅሎ ወስዶ የሜዳው መካከል ላይ ተከለው። ሜዳ መግባቱን አልደግፍም፤ ተጫዋች ይፈራል፣ ሕጻን ይረገጣል። ግን ያ ሰው ሲተክለው ሳየው ሆዴ ባባ። «ይህ የኔ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መሰለኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የምንለው ለዚህ ነው። በ2023 በአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግ ፕራግ ላይ ፊዮረንቲናን 2 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫ ይዘው ሲመጡ ምስራቅ ለንደን በደስታ ጎርፏል። ያን ዕለት አፕተን ፓርክን ያላስታወሰ ሽማግሌ ደጋፊ ግን ያለ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ወደኛ ልመልሰው፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ቤት ስትቆጥር በየደጃፉ የኛ ሰው ዱካ አለ። ሽቱትጋርትን ታስታውሳለህ? በ1993 ኃይሌ ገብረሥላሴ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቁን በ10,000 ሜትር ያገኘበት፣ የመጨረሻው ዙር ላይ የኬንያው ሞሰስ ታኑይ ጫማ ወልቆ በአንድ እግሩ ጫማ ያመለጠበት፣ ኃይሌ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች የደረሰበት። ያ መም ዛሬ የለም። የከተማው ክለብ ደጋፊ ወደ ሜዳው እንዲቀርብ ብለው ከ2009 እስከ 2011 አንስተው ጨረሱት። ባርሴሎና ሞንትጁዊክ ላይ ደራርቱ ቱሉ በ1992 ካሸነፈች በኋላ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የዞሩበትን መም ደግሞ፣ ኤስፓኞል የራሱን ሜዳ ሸጦ በ1997 ተጠግቶበት ለ12 ዓመት ያህል ኖሮበታል። በ2023 ደግሞ የራሱ ሜዳ ሲታደስ ትልቁ ባርሴሎና ራሱ መጥቶ ተጠግቶበት ነበር። ሙኒክም እንዲሁ ነው፤ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000፣ ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ያገኙበት የ1972 ስታዲየም ለባየርን ሙኒክ 33 ዓመት ቤቱ ነበር። ከዚያ በ2005 ወደ ራሱ ቤት ሄደ።

የሽቱትጋርቱን ስሰማ ቅር አለኝ፤ አልዋሽህም። መሙን ያነሱት ሰዎች ግን ክፉ አይደሉም፣ ልጆቻቸው እንዲያዩ ፈልገው ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ግን ቢያንስ አንድ ምልክት፣ አንድ ድንጋይ፣ «እዚህ ላይ ኃይሌ ደረሰበት» የሚል ቢያኖሩ ምን ነበረበት? ልጅ ኳስ ሊያይ ገብቶ ሲወጣ ያነበው ነበር።

ለንደኖች እንኳን እስካሁን መሙን አላነሱትም፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። በ2017 የዓለም ሻምፒዮና ሲመጣ ምንጣፉ ተነሳ፣ መቀመጫው ተገፋ፤ ዌስትሃም የውድድር ዘመኑን የመጀመሪያ ሦስት የሊግ ጨዋታዎች ከሜዳው ውጪ ተጫወተ። ባለቤቱ መጣሁ ሲል ተከራዩ ሻንጣውን ይዞ ወጣ ማለት ነው። አልማዝ አያና በ10,000 ብቻዋን ሆና ጨረሰች፣ ጥሩነሽ ሁለተኛ ወጣች። ከዚያ ሙክታር እድሪስ በዚያ ሁሉ የእንግሊዝ ሕዝብ ፊት ሞ ፋራህን በ5,000 ቀደመው። መስከረም ላይ መቀመጫው ተመልሶ ኳሱ ቀጠለ።

በረካው ደርሷል፤ አትነሳ። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ሳላነሳልህ ብትሄድ ቅር ይለኛል። እኛ ኳሱንና ሩጫውን ለይተን አልነበረም ያደግነው። ካታንጋ ብትቀመጥ፣ ሚስማር ተራ ብትቀመጥ፣ ጥላ ፎቅ ብትወጣ ከሜዳው በፊት የምታየው መሙን ነው። ርቀቱን እንደ ርቀት አይቼው አላውቅም፤ ምናልባት ሌላ ስላላየሁ ይሆናል። አንድ ጠዋት አባቴ ይዞኝ ገብቶ ነበር። መካከል ላይ አንድ ክለብ ልምምድ ይሠራል፣ ዙሪያውን ቱታ የለበሱ ሯጮች ሰብሰብ ብለው በዝግታ ይዞራሉ። ኳሷ ከአንዱ እግር አምልጣ ወደ መሙ ተንከባለለች። ከሯጮቹ መካከል አንዷ፣ ቀጭን ልጅ ናት፣ እርምጃዋን ሳታቋርጥ በግራ እግሯ መልሳ መታቻት። ኳሷ በቀጥታ በረኛው እጅ ገባች። በረኛው እጁን አነሳላት፣ እሷም ሳትዞር እጇን አነሳች፣ ከጓደኞቿ ጋር ወደ መታጠፊያው ገባች።