የአጎቴን ክፍት መኪና ስሸጥ

ሚያዝያ 2017፣ የፋሲካ ሰሞን፣ የአጎቴን መኪና የመሸጡ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ። ጥቁር፣ ባለሁለት በር፣ ጣራው ተጣጥፎ ከኋላ የሚገባ ጀርመን ሠራሽ ስፖርት መኪና ነው። አጎቴ ፍራንክፈርት 20 ዓመት ታክሲ ነድቶ ሲመለስ ይዞት የገባ ብቸኛ ቅንጦት። ቀረጡ ተከፍሏል፣ ሊብሬው ንጹሕ ነው። ኩላሊቱ ታሞ እጥበት ሲጀምር ግን ሌላ የሚሸጥ ነገር አልነበረንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በጥር 2016 መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና አይገባም ሲል ደግፈው ከጻፉት አንዱ እኔ ነኝ። ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ክርክሬ ይኸው ነበር፣ ዛሬም አልለወጥኩትም። አገር ውስጥ ስላለው አሮጌ መኪና ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። አዲስ አይገባም፤ ያለው በዶላር ይተመናል። በዕድሜው ብዛት መርከስ የነበረበት የአጎቴ መኪና ግቢ ውስጥ እንደቆመ እንደ መሬት ሲወደድ ከረመ።

ደላላው «3 ሚሊዮን 800 ሺህ በል፣ አትፍራ» አለኝ። ለራሱ ሁለት በመቶ።

ችግሩ ጣራው ነው። ሃይድሮሊኩ ዘይት ያንጠባጥባል። ሲከፍቱት እሺ ይላል፤ ለመዝጋት ሁለት ሰው ይፈልጋል። «ከፍተህ አሳይ፤ ክረምት እስኪገባ ማን ያያል?» ብሎ መከረኝ። ሁለት ሌሊት ስንት ብር ስንት ቀን እጥበት እንደሚሆን ሳሰላ አደርኩ።

ገዢው የሙሽራ መኪና አከራይ ነው። ሞተሩን እንኳ ሳያይ መጀመሪያ የኋላ ወንበር ላይ ገብቶ ተቀመጠ። ቬሎ ይበቃ እንደሆነ እየለካ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስለ ጣራው ነገርኩት። ደላላው እግሬን ረገጠኝ። ሰውየው ግን ሳቀ፤ «ወንድሜ፣ እኔ የምፈልገው መከፈቱን ነው። በክረምት ማን ይሞሸራል? ሸራ አለብሰዋለሁ።»

ሳቀ እንጂ 300 ሺህ ብር ቀነሰ።

ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን ከተፈራረምን በኋላ ለአጎቴ እውነቱን ነገርኩት። እጥበት ላይ ነበር፤ ማሽኑ ይጮኻል።

«ለእኔ ሳትነግረኝ ለእሱ ነገርከው?» አለኝ።

«መደበቅ አልቻልኩም፣ ጋሼ።»

«ደብቅ አላልኩህም። እኔም ብሆን እነግረው ነበር። ግን የእኔ መኪና ነው፣ የእኔ ደም ነው። መጀመሪያ እኔን ትጠይቃለህ።»

የምመልሰው አጣሁ። እውነት ተናገርኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የሄድኩት።

በግንቦት አንድ እሑድ ቦሌ መንገድ ላይ መኪናውን አየሁት። አበባ ተለጥፎበታል፣ ጣራው ክፍት ነው፣ ሙሽራዋ ቬሎዋን ንፋስ እንዳይወስድባት በሁለት እጇ ይዛለች። ፎቶ አንስቼ ለአጎቴ ላክሁለት። አይቶታል፤ አልመለሰልኝም።