መጠኑን ያወቀ ዜማ

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ የወጡትን የሮክና የፖፕ አልበሞች፣ አንዱን በፍቅር፣ ሌላውን በትዕግሥት፣ አንዳንዱንም ከጀመርሁት አይቀር ብዬ በግድ እየሰማሁ ከቆየሁ በኋላ፣ በልቤ የተጠራቀመው አስተያየት ከወዳጆቼ ጋር በቃል ከምንጨዋወተው የበዛ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በጽሑፍ ላኖረው ወደድሁ። የሙዚቃ ሊቅ አይደለሁም፤ ኖታ አላነብም፤ መሣሪያም አልመታም። የምመዝነው ዜማው ካለቀ በኋላ በውስጤ የሚቀረውን ነውና ፍርዴ የአድማጭ ፍርድ መሆኑ ይታወቅልኝ። ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አሳቤን አስቀድሜ ልናገር። የዚህ ዘመን ዘፈን ድምፅ አላነሰውም፤ ጥበብም አላነሰውም፤ ያነሰው መጠን ነው። ከሰማሁት ሁሉ ደግሜ ደግሜ የምመለስባቸው ሥራዎች የሚያበቁበትን ጊዜ የሚያውቁት ናቸው፤ እነዚህንም የሠሩልን፣ ጥቂት ወጣቶች ሳይቀሩ፣ በአብዛኛው ሞትን በቅርብ ያዩ አንጋፎች ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ቀድሞ መጠንን የሚወስነው ዕቃው ራሱ ነበር። በደቂቃ 33 ዙር የሚሽከረከረው ትልቁ ሸክላ በአንድ ገጹ ከ22 ደቂቃ እምብዛም የማያልፍ ሙዚቃ ስለሚይዝ፣ አርባ ደቂቃ ያህል የሚፈጀው አልበም ለብዙ ዘመን እንደ ሕግ ሆኖ ኖረ፤ ሲዲ በመጣ ጊዜ 74 ደቂቃ ያህል ተፈቀደ፤ ዛሬ ግን ዘፈኑ በኢንተርኔት ስለሚደመጥ ወሰኑ ፈጽሞ ተነሣ። ከዚህም በላይ ሒሳቡ ራሱ መርዘምን ይሸልማል። በስፖቲፋይ ዘንድ አንድ ዘፈን 30 ሰኮንድ ከተሰማ እንደ ተደመጠ ይቈጠራል፤ የአሜሪካው ቢልቦርድም በ2018 ባወጣው ሥርዓት፣ ከፍለው የሚያዳምጡ ሰዎች የአንድን አልበም ዘፈኖች በጠቅላላው 1,250 ጊዜ ቢሰሙ እንደ አንድ የተሸጠ አልበም አድርጎ ያዘው። እንግዲህ ዐሥር ዘፈን ካለው ይልቅ ሠላሳ ዘፈን ያለው ወደዚህ ቁጥር ፈጥኖ እንደሚደርስ ሕፃንም ያውቀዋል። ዘፈኖቹ መግቢያ አጥተው፣ ገና ከመጀመራቸው ወደ አዝማች የሚሮጡትም ለዚሁ ይመስለኛል።

ይህን ሒሳብ ሁሉ ከምንም ሳይቈጥር የወጣ አንድ አልበም ቢኖር፣ ዘ ኪዩር የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ከ16 ዓመት ዝምታ በኋላ በኖቬምበር 1 ቀን 2024 ያቀረበው «ሶንግስ ኦቭ ኤ ሎስት ወርልድ» ነው። ስምንት ዘፈን፣ አርባ ዘጠኝ ደቂቃ፤ ሌላ ተጨማሪ የለውም። በመጀመሪያው ዘፈን፣ «አሎን» በሚባለው፣ የባንዱ ዘፋኝ ሮበርት ስሚዝ ከሦስት ደቂቃ በላይ አፉን አይከፍትም፤ ከበሮው በዝግታ ይመታል፣ ኪቦርዱ እየሰፋ ይሄዳል፣ ቤዝ ጊታሩም ከታች ሆኖ ሁሉን ተሸክሞ ይጓዛል፤ አድማጩ መቼ ይዘምር ይሆን የሚለውን ጥያቄ ከረሳ በኋላ ያ ከአርባ ዓመት በላይ የምናውቀው፣ የሚያለቅስ የሚመስል ድምፅ ይገባል። የመጨረሻው «ኤንድሶንግ» ደግሞ ከዐሥር ደቂቃ የሚበልጥ ሲሆን፣ በዚያም ውስጥ ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚሰማው መሣሪያ ብቻ ነው። አንድ ሰው «መጠንን እያመሰገንህ የዐሥር ደቂቃ ዘፈን ታወድሳለህን?» ቢለኝ፣ መጠን ማለት ለእያንዳንዱ ነገር የሚገባውን መስጠት ነው እንጂ ማሳጠር ብቻ አይደለም እለዋለሁ፤ ኀዘን በሦስት ደቂቃ አይወጣምና።

ኀዘኑም የእውነት ነው። ስሚዝ እናቱን፣ አባቱንና ወንድሙን ሪቻርድን ቀብሮ የጻፈው ሥራ ነው፤ «አይ ካን ኔቨር ሴይ ጉድባይ» የሚለውም ስለ ወንድሙ ሞት ነው። ሙሾ እየሰማ ያደገ ጆሮ ይህን ዘፈን ለመረዳት የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ መያዝ አያስፈልገውም፤ ፒያኖው አንዲቱን አጭር ሐረግ እየመላለሰ ሲያሰማ፣ የሞተው ሰው ስም በለቅሶ ቤት ሲጠራ የሚያሳድረውን ስሜት ያሳድራል። ዘፈኖቹ በስቱዲዮ ተዘግተው ቆይተው ድንገት የወጡ አለመሆናቸውም በእኔ ግምት ለብስለታቸው ምክንያት ሆኗል፤ ባንዱ በኦክቶበር 2022 በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ የጀመረውን ረጅም ጉዞ ሲያደርግ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹን በሕዝብ ፊት ሲጫወታቸው ከረመ፤ የሚበዛውም የሚያንሰውም በዚያ ታየ። በእንግሊዝ አገር አልበሙ አንደኛ በወጣ ጊዜ፣ ባንዱ ይህን ደረጃ ሲያገኝ ከ1992 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ለእኔ ከዚህ ዘመን አልበሞች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው።

ከእርሱ ቀጥሎ የማስቀምጠው የአውስትራሊያው ኒክ ኬቭ ከባንዱ ከባድ ሲድስ ጋር በኦገስት 2024 ያወጣውን «ዋይልድ ጎድ» ነው። ይህ ሰው በ2015 ዐሥራ አምስት ዓመት የሆነውን ልጁን፣ በ2022 ደግሞ ሌላውን ልጁን ያጣ አባት ነው። «ጎስቲን» የተባለው የ2019 አልበሙ ከበሮ እንኳ እምብዛም የሌለበት፣ በመቃብር አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሚያሰማው ጸሎት ዓይነት ነበር፤ በአዲሱ ግን መዘምራኑ ተመለሱ፣ ከበሮውም ተመለሰ፤ ደስታ ራሱ ኀዘኑን ሳይክድ ከኀዘኑ መካከል ብድግ ብሎ ቆመ። ከዐሥሩ ዘፈኖች በአንዱ የቀድሞ ወዳጁ፣ በ2021 ያረፈችው አኒታ ሌን፣ በስልክ የተቀዳ ድምፅዋ ይሰማል፤ ስትስቅና ያለፈውን ጊዜ ስታወሳ ትሰማላችሁ። በመጽሐፈ ኢዮብ ነገር ውስጥ ያለፈ ልብ ካልሆነ እንዲህ ያለ ምስጋና አያወጣም። አንዳንድ ቦታ መዘምራኑ እጅግ ከመብዛታቸው የተነሣ የዘፋኙን ድምፅ ይውጡታል፤ ቅር ያለኝ ይህ ብቻ ነው።

ስለ ሮሊንግ ስቶንስ ሲነሣ አሳቤ ይከፈላል። «ሃክኒ ዳይመንድስ» በኦክቶበር 2023 ሲወጣ ሚክ ጃገር 80 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ባንዱ ራሱ በደረሳቸው ዘፈኖች አልበም ካወጣም 18 ዓመት አልፎ ነበር። ከበሮ መቺው ቻርሊ ዋትስ በኦገስት 2021 ዐርፎ ሳለ፣ በሁለት ዘፈኖች አስቀድሞ የቀዳው ከበሮ ይሰማል፤ በእነዚያ በሁለቱና በሌሎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮ ያለው ሁሉ ይለየዋል፤ እርሱ ምቱን ጥቂት ወደ ኋላ ስለሚያስቀረው ዘፈኑ ይተነፍሳል። የቀረው ግን ከመጠን በላይ ተወልውሎአል። ሽማግሌ ፊቱን በዱቄት ሲቀባ ማየት ደስ አይልም፤ የእነርሱም ጊታር ሻካራ ሆኖ ቢቀር እመርጥ ነበር። ሆኖም «ስዊት ሳውንድስ ኦቭ ሄቨን» ይህን ሁሉ ያስረሳል፤ ሌዲ ጋጋ ከጃገር ጋር ድምፅ ለድምፅ እየተቀባበለች፣ ስቲቪ ዋንደርም ኪቦርዱን እየመታ፣ ዘፈኑ አለቀ ስንል እንደገና ይነሣል፤ ያ ሰባት ደቂቃ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር እንጂ የመሸታ ቤት ዘፈን አይመስልም። የመጨረሻው ዘፈን ባንዱ ስሙን ያወጣበት፣ የመዲ ዋተርስ የ1950 ብሉዝ ነው፤ የሚጫወቱትም ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስድሳ ዓመት ያህል አብረው የኖሩ ሰዎች ወደ ተነሡበት ሲመለሱ ምን እንደሚመስሉ ለማወቅ የሚሻ ይህን ይስማ።

የቢትልስ «ናው ኤንድ ዜን» ግን እስከ ዛሬ አላስማማኝም። ጆን ሌነን በሰባዎቹ ማብቂያ በኒው ዮርክ ቤቱ በካሴት የቀዳውን፣ ጓደኞቹ በ1995 ሊጨርሱት ሞክረው ፒያኖው ድምፁን ስለ ሸፈነባቸው የተዉትን ዘፈን፣ በፊልም ሠሪው በፒተር ጃክሰን ባለሙያዎች የተሠራ ማሽን ድምፁን ከፒያኖው ለይቶ አወጣውና፣ ፖል ማካርትኒና ሪንጎ ስታር ጨርሰው በኖቬምበር 2023 አወጡት። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲሰማ ዕንባ የማይመጣበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ሌነን በካሴቱ ላይ የዘመረው አንድ የመሸጋገሪያ ክፍል ተቈርጦ ቀርቷል፤ ለእኔም የዘፈኑ ምሥጢር በዚያ ክፍል ነበረ። እነሆ ማሳጠር ሲበዛ ሊጐዳም እንደሚችል የሚያሳይ ምስክር።

ፒተር ገብርኤል «አይ ኦ» የተባለውን አልበም በ2023 ጨረቃ በሞላች ቍጥር አንድ አንድ ዘፈን እያወጣ፣ ዐሥራ ሁለቱን ዓመቱን ሙሉ ማዳረሱ የሚያስመሰግነው ነው፤ አንድ ወር ለአንድ ዘፈን መስጠት ለአድማጩ ትዕግሥትን ያስተምራል። ያን ያህል ታግሦ ሳለ እያንዳንዱን ዘፈን በብሩህና በጨለማ፣ በሁለት ዓይነት ሚክስ ማውጣቱ ግን ምርጫውን በእኛ ጫንቃ ላይ መጣል ነው።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ልለፍ። ቴይለር ስዊፍት በኤፕሪል 2024 ዐሥራ ስድስት ዘፈን አውጥታ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዐሥራ አምስት ጨምራ 31 ባደረሰችው አልበም ውስጥ ጥሩ የሆኑት አሉ፤ ነገር ግን ጥሩውን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ያህል መቈፈር የአድማጩ ሥራ መሆን አልነበረበትም። በ2025 «ዘ ላይፍ ኦቭ ኤ ሾውገርል» በዐሥራ ሁለት ዘፈን ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በአሜሪካም በመጀመሪያው ሳምንት ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተቈጥሮ ክብረ ወሰን ሰበረ። ሆኖም ያው አልበም በብዙ ዓይነት ሽፋንና ቀለም እየተለዋወጠ መሸጡን ሳይ፣ ዘፈኑ ቢቀንስም ገበያው አለመቀነሱን ተረዳሁ፤ ግጥሞቹም በ2020 «ፎክሎር» ላይ ከጻፈቻቸው የሳሱ ናቸው። ቢሊ አይሊሽ ከወንድሟ ከፊኒየስ ጋር በሜይ 2024 ያወጣችው «ሂት ሚ ሃርድ ኤንድ ሶፍት» ዐሥር ዘፈን ብቻ ነው፤ አስቀድሞ አንድም ነጠላ ዜማ ሳታወጣ ሁሉን በአንድ ጊዜ ሰጠችን፤ ከወጣቶቹ ሁሉ ልኩን ያወቀ ሥራ ይህ ነው።

ሕጌን የሚያፈርስ አንድ አልበም ግን አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ግፍ ይሆናል። የቢዮንሴ «ካውቦይ ካርተር» 27 ክፍል፣ 78 ደቂቃ ያህል ነው፤ ቢሆንም አይበዛም። ምክንያቱም የሬዲዮ መርሐ ግብር ሆኖ ስለ ተሠራ፣ ዊሊ ኔልሰን አስተዋዋቂ እየሆነ ስለሚገባ፣ ርዝመቱ ራሱ የቅርጹ አካል ነው፤ የሚጀምረው በፍትሐት ስም፣ የሚፈጸመውም «አሜን» በሚለው ነው። በ1969 በግራንድ ኦል ኦፕሪ የካንትሪ ሙዚቃ መድረክ ብቻዋን በመዝፈን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆነችው ሊንዳ ማርቴል፣ በእርጅናዋ በዚህ አልበም ድምፅዋን እንድታሰማ መደረጉ ዕዳ መክፈል ነው።

የመጨረሻው ለእኛ ቅርብ የሆነው ነው። አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊኬንድ፣ በ1990 በቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በእናቱና በአያቱ እጅ አማርኛ እየተናገረ ያደገ፣ በቤቱ አስቴር አወቀንና ማሕሙድ አሕመድን ሲሰማ የኖረ ነው፤ በ2015 «ዘ ሂልስ» የተባለው ዘፈኑ ማብቂያ ላይ በአማርኛ ሲያንጐራጕር ብዙዎቻችን ጆሮአችንን አላመንም ነበር። (በ2016 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግእዝ ትምህርት 50,000 ዶላር መስጠቱንም ከዘፈኖቹ እኩል አከብርለታለሁ።) በጃኑዋሪ 31 ቀን 2025 የወጣው «ሃሪ አፕ ቱሞሮው» በ«አፍተር አወርስ» የጀመረውን የሦስት አልበሞች ተከታታይ የሚዘጋ፣ የመድረክ ስሙንም ሊሰናበትበት ያሰበ ሥራ ነው። በሴፕቴምበር 2022 በሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ድምፁ ድንገት ጠፍቶ ዝግጅቱን ማቋረጡ የታወቀ ነው፤ አልበሙም ከዚያ ፍርሃት የተወለደ ነው። ሃያ ሁለት ዘፈን ግን ለኑዛዜ ይበዛል፤ ከመካከሉ ስምንቱ ቢቀሩ የሚጐድል የለም፤ ለራሱ የሚያዝነውም ኀዘን ሲደጋገም ጣዕሙን ያጣል። በርዕሱ የተጠራው የመጨረሻው ዘፈን ሲደርስ ግን ሁሉ ይካሳል፤ ድምፁን እያርገበገበ ወደ ላይ ሲያወጣው፣ ከአያቱ ቤት የሰማው እንጉርጉሮ ከካናዳ ብርድ ውስጥ ወጥቶ ይሰማኛል፤ ማብቂያውም በ2011 ከወጣው ከመጀመሪያ ሥራው መክፈቻ ጋር ይገጥማል። ይህ ልጅ ገና ብዙ ዘመን አለውና፣ በሚቀጥለው ዐሥር ዘፈን ብቻ ቢያወጣልን እወዳለሁ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ሁሉን ለመስማት ጊዜ የሌለው ሰው በአንድ ምሽት ስልኩን ዘግቶ የኪዩርን ስምንት ዘፈኖች ከ«አሎን» እስከ «ኤንድሶንግ» በተራቸው፣ ሳይዘልል ይስማ። ከዚያ በኋላ የማይስማማኝ ቢኖር አስተያየቱን ይጻፍልኝ፤ አነብለታለሁ።